መርፌው ቀይ ላይ ቆመ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ ተማሪ አስቆመኝና «ጋሼ፣ የክራር መቃኛ አፕ ልሠራ ነው፤ በየትኛው ቋንቋ ልጀምር?» አለኝ። በፓይተንም በጃቫስክሪፕትም ይሆናል ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር። ቤት እስክገባ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። እኔም ድሮ አንድ ሠርቻለሁና።

ያኔ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ነበረችኝ። ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ጻፍኩት። ማይክሮፎኑ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። የክር ድምፅ ደግሞ ራሱን ይደጋግማል። ስለዚህ የሞገዱን ቅጂ በራሱ ላይ ቀስ እያደረጋችሁ ታንሸራትታላችሁ። መልሶ ግጥም ያለው 401ኛው ልኬት ላይ ከሆነ፣ 44,100ን ለ401 ማካፈል ነው፤ 110 ኸርዝ ገደማ ይሰጣችኋል፤ ክሩ በሰከንድ 110 ጊዜ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። ችግሩ 802 ላይም ይገጥማል። እሱን ከያዛችሁ ድምፁ በግማሽ ወርዶ ይታያል። በዚህ ብቻ ሦስት ቀን አብጃለሁ። ስክሪኑ ላይ ክሩ ከልክ ሲወጣ ቀይ፣ ሲገጥም አረንጓዴ ላይ የሚቆም መርፌ አለ፤ እሱ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ከመጨረሻዎቹ አምስት ንባቦች መሀለኛውን አሳዩ፤ ይረጋል።

የዛሬ ልጆች ይህን ሁሉ ለኤአይ አስጽፋችሁ ለምን እንደሚሠራ እንኳ አትጠይቁም። ለነገሩ እኔም የማንሸራተቱን ዘዴ ከጓደኛዬ ደብተር ነው የገለበጥኩት። ይቅር።

ሲያልቅ ለሰው ማሳየት አማረኝ። የሰፈራችንን ክራር ደርዳሪ ጠራኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ሠርግ ያለ እሳቸው አይደምቅም። አንዴ አብረን ለሠርግ ሐረጎን ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ፣ ከሙቀቱ የተነሳ ክራሩ ቃናው ተለውጦ አገኙት። ሙሽሮቹ እየጠበቁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እያንጎራጎሩ ቃኙት። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም አልገባኝም።

ሱቁ ውስጥ የመጀመሪያውን ክር መቱ። ቀይ። ሁለተኛውን መቱ። ቀይ። «ጋሼ፣ ክራርዎ ተበላሽቷል» አልኳቸው፤ በሰው ፊት። የነበሩት ደንበኞች ሳቁ። እሳቸው አልመለሱልኝም። መርፌውን እያዩ ክሩን አንድ በአንድ አጠበቁና ሁሉንም አረንጓዴ አደረጉልኝ። ከዚያ በአምባሰል ቅኝት ዘፈን ጀመሩ። ቃናው ከፍ ብሎባቸው ድምፃቸው መሀል ላይ ተሰነጠቀ። ሳሉ። «አብሽር ልጄ፣ ዕቃህ ጎበዝ ነው» አሉኝና ክራሩን በጋቢ ጠቅልለው ወጡ።

እኔ የመጀመሪያው ክር 261.6 ኸርዝ መሆን አለበት ብዬ በራሴ ወስኜ ነበር። ላ የሚባለው ኖታ 440 ከሆነ ዶ እዚያ ላይ ይወድቃላ! 440 ግን በ1939 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሰዎች ተሰብስበው የተስማሙበት ቁጥር ነው። ክራር የሚቃኘው ለዚያ ቀን ጉሮሮ ነው። አምባሰል፣ ባቲ፣ ትዝታ፣ አንቺ ሆዬ የምንለው በክሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው።

ስለዚህ አፑ መጀመሪያ የተመታውን ክር ዜሮ ብሎ ይያዝ። ሌሎቹን ከእሱ ይለካ። አንዱን ስምንትዮሽ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) 1,200 ሴንት ብትሉት፣ ትዝታ ሜጀር 0፣ 200፣ 400፣ 700፣ 900 አካባቢ ነው፤ አምባሰል 0፣ 100፣ 500፣ 700፣ 800። «አካባቢ» ያልኩት አውቄ ነው። ለጊታር አረንጓዴውን 5 ሴንት ላይ አጥብቁት፣ በልክ ቀልድ የለም። ለክራር ግን ሰፋ አድርጉት፤ ደርዳሪው ራሱ ይወስን።

ፕሮግራሙን በኋላ አስተካከልኩት። ላሳያቸው ግን አፈርኩ፤ ነገ ዛሬ ስል አረፉ። ክራሩ ኮምቦልቻ ልጃቸው ጋ ነው። ከተማሪው ጋር በተገናኘን ማግስት ደወልኩለት። ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ሁለት ክር ተበጥሷል አለኝ።