የማሳጅ ትምህርት ልትጀምሩ ነው? ከመክፈላችሁ በፊት መመሪያውን አንብቡ

ጥምቀት ሲቃረብ ስልኬ ፋታ አይሰጠኝም። ከዳላስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቶሮንቶ የሚደውሉ የጎንደር ልጆች ናቸው። «እትዬ፣ ዘንድሮስ መጣሁ፤ ትኬቴን ቆርጫለሁ» ይሉኛል። እሰይ እላለሁ። ማሳጅ ትምህርት ቤት የገቡትን ግን ወዲያው እጠይቃቸዋለሁ፦ ስንት ሰዓት ልትቀሪ ነው? በጽሑፍ አስፈቅደሻል? አብዛኞቹ መልስ የላቸውም።

እኔ አሜሪካ በዚህ ሙያ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ተማሪዎች በተቆጣጣሪ ሥር እውነተኛ ደንበኞችን እያሹ በሚለማመዱበት የተማሪዎች ክሊኒክ ውስጥም ተቆጣጣሪ ሆኜ ቆይቻለሁ። አሁን ኑሮዬ እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ከልጆቻችን መካከል ጀምረው ያቋረጡትን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም። እጃቸው ጥሩ ነው፣ ሰው አክባሪ ናቸው፣ ሥራ አይፈሩም። ሲመዘገቡ የተማሪውን መመሪያ ሳያነቡ ፈረሙ። ኋላ ችግር ሲመጣ ያ ፊርማ ያዛቸው።

ከሁሉም በፊት የሰዓቱን ጉዳይ እወቁ። አሜሪካ ውስጥ የማሳጅ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍለ ግዛቱ ነው፤ የሚጠይቀውም ሰዓት ቆጥሮ ነው። ቴክሳስ 500 ሰዓት ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ 50ው በሰው ላይ የሚሠራ ልምምድ ነው። ሜሪላንድ 750፣ ኒውዮርክ ደግሞ 1000 ሰዓት ይጠይቃሉ። የካናዳዋ ኦንታሪዮ መንገዷ ሌላ ነው፤ የኮሌጅ ዲፕሎማ ይዞ የሙያው ተቆጣጣሪ አካል ዘንድ መመዝገብ ግድ ነው። ስለዚህ የቶሮንቶ ልጅ የዳላስ ዘመዱን ምክር ሰምቶ አይመዝገብ።

ሰዓት ሲባል ደግሞ ደቂቃው ሁሉ ይቆጠራል። አርፍዳችሁ ከገባችሁ ያረፈዳችሁት ይቀነሳል፤ ቀድማችሁ ከወጣችሁም እንዲሁ። እኛ አገር «ሰው ሞቶብኝ ነው» ካልን መምህሩ ነገሩን ይረዳናል። እዚያም ይረዳል፣ ያዝንላችኋል። ነገር ግን ያልተገኛችሁበትን ሰዓት ተገኝተዋል ብሎ መፈረም አይችልም። ፈረመ ማለት ለመንግሥት የሐሰት ማስረጃ ሰጠ ማለት ነው። ምልጃም ሽማግሌም አይሠራም። ያለው መፍትሔ የጎደለውን ማካካስ ብቻ ነው። ማካካሻው ይፈቀዳል ወይ? እስከ ስንት ሰዓት? ያስከፍላል ወይ? ይህን ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ።

ለጥምቀት መምጣት ለምትፈልጉ ቀላል ዘዴ አለ። ገና በእነሱ ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 አካባቢ ነው። ይህ ወቅት ብዙ ትምህርት ቤቶች አዲስ ዙር የሚጀምሩበት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ የሰውነት አካላት ጥናትና መሠረታዊው የእጅ አሠራር የሚሰጥባቸው ናቸው። ያኔ የቀረ ተማሪ ኋላ ክሊኒክ ሲገባ ይታወቃል። ፋሲል መዋኛ ላይ ታቦቱን አጅባችሁ ውኃ መረጨት ካማራችሁ፣ ከጥምቀት በኋላ የሚጀምረውን ዙር ጠይቁ። ጀምራችሁ ከሆነም የበዓል ፈቃዱን በትምህርቱ መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ። ስቅለትና ፋሲካም ከእነሱ ቀን ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ አብራችሁ አስመዝግቧቸው።

መርዶ ግን ቀጠሮ አይዝም። እናት ወይም አባት አርፈው በማግስቱ የሚሳፈር ተማሪ አለ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ግን አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ስትሉ ለሬጅስትራሩ፣ ማለትም ለተማሪዎች መዝገብ ቢሮ፣ አንድ መስመር ኢሜይል ጻፉ። «ቤተሰብ ሞቶብኛል፣ የእረፍት ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ በዚህ ቀን እመለሳለሁ» ማለት ይበቃል። የፌዴራል ገንዘብ በሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ፈቃዱ በ12 ወር ውስጥ ከ180 ቀን ማለፍ የለበትም። ሳትናገሩ ከጠፋችሁ ግን፣ መገኘትን መመዝገብ ግዴታው የሆነ ትምህርት ቤት መጨረሻ ከታያችሁበት ቀን አንስቶ በ14 ቀን ውስጥ ለቀዋል ወይስ አልለቀቁም የሚለውን መወሰን አለበት። ተዝካሩ ሳይደርስ እናንተ ከመዝገብ ተሰርዛችሁ ልትቆዩ ትችላላችሁ ማለት ነው።

ገንዘቡ የሚያሳምመው እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት እርዳታ የወሰደ ተማሪ እርዳታው ከተከፈለበት የትምህርት ጊዜ 60 በመቶውን ሳያልፍ ከለቀቀ፣ ያልተማረበት ድርሻ ተሰልቶ ለመንግሥት ይመለሳል። ትምህርት ቤቱ የመለሰውን ከእናንተ ሊጠይቅ ይችላል። ፈቃድ ሳይይዙ፣ ሥራ ሳይጀምሩ ዕዳ ብቻ ታቅፈው የቀሩ ልጆች አውቃለሁ። ቢከፋም ባይከፋም፣ ለመልቀቅ ከማሰባችሁ በፊት የገንዘብ እርዳታ ቢሮውን «ዛሬ ብለቅ ስንት ዕዳ ይኖርብኛል?» ብላችሁ ጠይቁና በጽሑፍ ተቀበሉ።

ወደ ክሊኒኩ ልለፍ። ከመግባታችሁ በፊት ብዙ ቦታ የክትባት ማስረጃ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና፣ የወንጀል ነፃ ምርመራና የተማሪ መድን ይጠየቃል። የእኛን ሰው የሚያስደነግጠው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራው ነው። በልጅነታችን ቢሲጂ የሚባለውን የነቀርሳ ክትባት የተከተብን ብዙ ነን። በቆዳ ላይ የሚደረገው ምርመራ በዚህ ክትባት ምክንያት ሳንታመም ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ክንዱ ያበጠበት ተማሪ ራጅ ተነሣ፣ ሐኪም ጋ ሂድ ሲባል የክሊኒክ መግቢያው ቀን ያልፈዋል። በደም የሚሠራው ምርመራ ግን በቢሲጂ አይሳሳትም። ገና ከመጀመሪያው «ቢሲጂ ተከትቤያለሁ፣ የደሙን አድርጉልኝ» በሉ። ይህን ቢያውቁ ኖሮ አንድ ዙር የማይባክንባቸው ስንት ልጆች ነበሩ!

ቀጥሎ የምናገረው እኛ ቤት ብዙ የማይወራ ነው። ማሳጅ የሚማር ሰው ይታሻልም፣ ያሻልም። የክፍል ጓደኛችሁ ወንድም ሴትም ይሆናል። ልብስ ይወልቃል፤ ሰውነት ግን በአንሶላ ይሸፈናል። የሚገለጠው የሚሠራበት ቦታ ብቻ ነው፤ ከተሠራበት በኋላ ተመልሶ ይሸፈናል። በአግባቡ ሲሠራ የማንንም ክብር አይነካም። ሆኖም ሃይማኖቴ ወይም ትዳሬ አይፈቅድልኝም የምትሉ ካላችሁ ክፍል ውስጥ ተራ ሲደርሳችሁ አታንገራግሩ። ከምዝገባ በፊት ጠይቁ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ያስተካክልላችኋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁሉንም ማሸት ግዴታ ነው ይላል። ያኔ ሌላ ትፈልጋላችሁ። እዚህ ጎንደር ያሉ ወላጆችም «ማሳጅ» ሲባል ፊታቸው ይቀየራል። አትፍረዱባቸው። ፈቃድ ያለው የጤና ሙያ መሆኑን ረጋ ብላችሁ አስረዷቸው፤ ይገባቸዋል።

አያቴ ወጌሻ ነበሩ። ውልቃት የመለሱለት ሰው እስከ ዛሬ ይመርቃቸዋል። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ እጁ አዋቂ ነው፤ ክሊኒክ ሲገባ ግን ራሱን መግታት አለበት። እዚያ ተማሪ በሽታ አይለይም፣ አጥንት አይመልስም፣ አንገት አያንቋቋም። መመሪያው ከሙያው ወሰን ውጭ መሥራትን በጥብቅ ይከለክላል፤ የሚባረሩበትም አለ።

አንዲት የእኛ ልጅ እኔ ተቆጣጣሪ በነበርኩበት ክሊኒክ የሠራችውን ልንገራችሁ። ደንበኛው ከረጅም በረራ የመጣ ሰው ነበር። «ቀኝ ባቴን ወጥሮኛል፣ ጠበቅ አድርገሽ እሺልኝ» አላት። አንሶላውን ከጉልበቱ በታች ገለጥ አደረገች። ቀኙ ባት ከግራው አብጧል። ቀላ ብሏል። በእጇ ጀርባ ስትነካው ይሞቃል። ዘይቱን መዳፏ ላይ አፍስሳ ነበር፤ በፎጣ ጠረገችው። እግሩን መልሳ ሸፈነችና «አንዴ ተቆጣጣሪዬን ልጥራ» አለችው። ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን እንደሚችል ጠርጥራለች። እንዲህ ያለ እግር ከታሸ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ላይ ሊያርፍ፣ ሰውም ሊሞት ይችላል። ሰውየው ሳይታሽ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ተላከ። እሷም ቁጭ ብላ ማስታወሻዋን ጻፈች፦ እሱ ያለውን፣ እሷ ያየችውን፣ የገመተችውን፣ የተወሰደውን እርምጃ። ያን ቀን ካየኋቸው ተማሪዎች ሁሉ የኮራሁባት በእሷ ነው።

ማስታወሻውን ነገሬ በሉት። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙዎቻችን አሳጥረን እናልፋለን። ክሊኒክ ላይ ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው፤ ሰዓቱም ላይያዝላችሁ ይችላል። ተቆጣጣሪው መፈረሙን ሳታዩ ከክሊኒክ አትውጡ።

ጾምን በተመለከተ፣ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ በተከታታይ ሦስት አራት ሰው የሚያሹ ልጆች አይቻለሁ። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ራስ ይዞራል፣ ደንበኛውም ይጎዳል። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ወይም ተራችሁን ወደ ማታ አዛውሩ። ጥፍር ይቆረጥ፣ ቀለበት ይውለቅ፣ ሽቶና የዕጣን ጭስ ልብስ ላይ አይኑር። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ተማሪ ሳላችሁ ከክሊኒክ ውጭ ገንዘብ ተቀብላችሁ አትሥሩ። ማኅበር ላይ «እስቲ ወገቤን እሽልኝ፣ ትንሽ እሰጥሃለሁ» የሚል አይጠፋም። የተማሪ መድን ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው በትምህርት ቤቱ ቁጥጥር ሥር የተሠራውን ብቻ ነው። ያለ ፈቃድ ማስከፈል ደግሞ ኋላ የፈቃድ ማመልከቻችሁን ሊያበላሽ ይችላል።

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ ተመርቃችሁ የሄዳችሁ፣ ትምህርት ቤቶቹ የሰውነት አካላት ትምህርታችሁን ሊቆጥሩላችሁ ስለሚችሉ ማስረጃችሁን አስገምግማችሁ ከምዝገባ በፊት አቅርቡ። ከተመዘገባችሁ በኋላ የማይቀበል ብዙ ነው። የክሊኒክ ሰዓቱን ግን እንደ አዲስ ትሠሩታላችሁ ብላችሁ ገምቱ።

ብዙ ክፍለ ግዛቶች የሚቀበሉት የፈቃድ ፈተና ኤምብሌክስ ይባላል። 100 ጥያቄ በ110 ደቂቃ ነው፤ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ይሰጣል። እንግሊዝኛው የሚያሰጋችሁ ከሆነ የአጥንትና የጡንቻ ስሞቹን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ጮክ ብላችሁ አጥኑ።

ስትጨርሱ የታሸገ ትራንስክሪፕት (የትምህርት ማስረጃ) ከሁለት ቅጂ በላይ አውጡ። የተፈረመበትን የክሊኒክ ሰዓት መዝገብም ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፤ ከተዘጉ በኋላ ሰነድ ማፈላለግ ወራት ይፈጃል። በቴክሳስ 500 ሰዓት ተመርቆ ትዳር ይዞ ኒውዮርክ የገባ ሰው ቀሪውን ለማሟላት መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህንኑ ወረቀት ነው።