መልስ፦ ስለ «ቀዝቃዛው ውህደት»

ወንድሜ፣ «ያለ ከፍተኛ ሙቀት በኑክሌር ውህደት የሚሠራ ማሞቂያ ተገኘ ይላሉ፤ ልመን?» ብለሃል። እኔ ብሆን ኪሴን አልከፍትም። የአተም እምብርቶች ያለ ከፍተኛ ሙቀት ተዋህደው ኃይል ይሰጣሉ የሚለው ይህ ወሬ የቆየ ነው። በመጋቢት 1989 እ.ኤ.አ. ኬሚስቶቹ ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኞች ጠርተው፣ ፓላዲየም የተባለ ብረት ከባድ ውሃ (ዲዩቴሪየም የሚባለው ከባዱ ሃይድሮጅን ያለበት ውሃ) ውስጥ ነክረን ኤሌክትሪክ ስንሰድበት ትርፍ ሙቀት አገኘን አሉ። ዓለም ጉድ አለ። ችግሩ ኒውትሮኑ፣ ማለትም ከአተም እምብርት የሚወጣው ቅንጣት፣ ነው። ሁለት ዲዩቴሪየሞች ሲዋሃዱ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ኒውትሮን ይወጣል። ያን ያህል ሙቀት በዚህ መንገድ ቢመጣ ኖሮ፣ ጨረሩ አጠገቡ የቆመውን ሰው በገደለ ነበር። እነሱ ግን ደህና ነበሩ! ጉግል ገንዘብ አውጥቶ ያስጠናው ቡድንም በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ሲያሳትም ማስረጃ አላገኘም። ሻጩን አንድ ነገር ጠይቀው፦ የገባውንና የወጣውን ኃይል ሌላ ሰው በራሱ ቆጣሪ ለክቶታል?