መልስ፦ የቅዱስ ማርቆስ አፅም የት ነው ያለው?

«አፅሙ በአሳማ ሥጋ ተሸፍኖ ተሰረቀ የሚባለው እውነት ነው? አሁንስ የት ነው?» ላልከው፦ ወሬውን ያመጡት ራሳቸው ቬኒሶች (የጣልያኗ ከተማ የቬኒስ ሰዎች) ናቸው። በ828 እ.ኤ.አ. ሁለት ነጋዴዎቻቸው አፅሙን ከእስክንድርያ አውጥተው ቅርጫት ውስጥ ከተቱት፤ ላዩ ላይ የአሳማ ሥጋ ደረደሩበት። ፈታሾቹ ሙስሊሞች ነበሩና ገና ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ ይላል ትረካው። ቬኒሶቹ አያፍሩበትም እኮ፣ በባዚሊካቸው (በትልቁ ቤተ ክርስቲያናቸው) ግድግዳ ላይ በሞዛይክ ሥዕል ሠርተውታል! የሥጋው ነገር ለእኔ ማጣፈጫ ይመስለኛል። ኮፕቶች (የግብፅ ክርስቲያኖች) ደግሞ የራስ ቅሉ ከእስክንድርያ አልወጣም ባዮች ናቸው።

መመለሱ ግን አፈ ታሪክ አይደለም። በ1968 እ.ኤ.አ. የሮማው ፖፕ ጳውሎስ 6ኛ ከአፅሙ ከፍለው ለኮፕቶቹ ፓትርያርክ ለአቡነ ቄርሎስ 6ኛ ሰጡ። ካይሮ አባሲያ ያለው ካቴድራል ሲመረቅ አፄ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተው ነበር። የተመለሰው አፅም እዚያው ካቴድራሉ ሥር ነው ያረፈው።