የጦርነት ዘፈን ላይ ቤዝ ከመምታታችሁ በፊት

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ቤቴ መጣ። ኪቦርድ ይጫወታል፣ ቅንብር ይሠራል፣ ጆሮው ያስቀናል። ስልኩን አውጥቶ አንድ ሥራ አሰማኝ። ከበሮው ቁጭ ብለህ የምትሰማው ዓይነት አይደለም፣ ያስነሣሃል። ግጥሙ ግን የጦርነት ነው። ጠላት ብሎ የፈረጀውን ሕዝብ በስሙ እየጠራ «ከሥሩ ንቀሉት» ይላል። «ጋሼ፣ ቤዝ ጊታሩን በእጅዎ ቢመቱልኝ ሌላ ሥራ ይሆናል። ክፍያውም ደህና ነው» አለኝ። ሁለት ቀን ስጠኝ አልኩት። ሁለቱ ቀን ወር ሆነ። መልሴ ይኸውና። ለእሱም፣ እንደ እሱ ሙዚቃ ውስጥ ላላችሁ ልጆች ሁሉ ይሁን።

68 ዓመቴ ነው። ቤዝ መምታት የጀመርኩት በ1968 ዓ.ም. ነው። ደርግ ገና ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሰዓት እላፊ ነበር። ዛሬ ክለብ ገብታችሁ ሲበቃችሁ ራይድ ጠርታችሁ ትሄዳላችሁ። ያኔ ሰዓቱ ከደረሰ መውጣት የለም። በሩ ይቆለፋል፣ ሰውም ባንዱም እስኪነጋ እዚያው ነው። የደከመው ወንበር ላይ ያሸልባል። እኛ እንጫወታለን። ውጭ ጥይት ሲተኮስ ድራመራችን ቀና ሳይል አመታቱን ጠንከር ያደርገዋል። ተነጋግረን አናውቅም። ግን ሁላችንም ይገባናል። ሰው ያንን ድምፅ እንዳይሰማው ነው።

ሲነጋ ጊታሬን ተሸክሜ በእግሬ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ቀይ ሽብር ሲፋፋም አስከሬን መንገድ ዳር ይጣል ነበር፣ ላዩ ላይ ጽሑፍ ይለጠፍበታል። አንድ ጠዋት አንዱን በጫማው አወቅሁት። የሰፈራችን ልጅ ነው። ከሳምንት በፊት የጊታሩን ክር የቀየርኩለት እኔ ነኝ። አልቆምኩም። መቆምም ማልቀስም ያስጠረጥር ነበር። አልፌው ሄድኩ። ማታ ደግሞ ሥራ ገባሁ።

ስለ መብት ሳወራ ከዚያ ጠዋት ነው የምነሣው። መብት የጠበቆች ወሬ አይምሰላችሁ። ለሞተ ጎረቤት ቆሞ ማልቀስ መቻልም መብት ነው።

ካሴት ለማውጣት ግጥሙ በታይፕ ተጽፎ ለሳንሱር ይቀርባል። አንዴ የፍቅር ዘፈን አስገባን። «ንጋቱ ዘገየ» የምትል ስንኝ ነበረችበት። ሰውዬው በቀይ እስክሪብቶ አሰመረባትና «የማን ንጋት ነው?» አለን። የምንመልሰው ጠፋን። «ደብዳቤሽ ዘገየ» ብለን ቀየርናት፣ አለፈች። ሳንሱር ቅኔ አስተማረን የሚሉ የዘመኔ ሰዎች አሉ። ሰሙን እያሳየን ወርቁን ደበቅን ይላሉ። እኔ አልስማማም። እኛ የምንቆጥረው ያለፈውን ነው። ተፈርቶ ሳይጻፍ የቀረውን ማን ቆጠረው? ቅኔም ከሳንሱር በፊት ነበረን። አዝማሪ ከልካይ እስኪመጣለት አልጠበቀም።

አዝማሪን ካነሣሁ አይቀር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረበት በኋላ፣ ጠንቋዮችና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዝዞ ነበር። ማሲንቆ ይዞ ከሰርግ ሰርግ የሚዞር ሰው ጦር ያለውን ገዢ ምኑ አስፈራው? አገር ላገር ይዞራል፣ ያየውን ይዘፍናል፣ ሰውም ይሰማዋል። በእኛው ነገሥታት ዘመንም ቢሆን የክብር ዘበኛ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ በኦርኬስትራው ይዘፍን የነበረው ጥላሁን ገሠሠ ታስሯል። ገዢ ሁሉ ዘፈን ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ያውቃል። አንዳንዴ ከእኛ በላይ።

በ1970 ዓ.ም. ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ነበረች። ሠራዊቱን አበረታቱ ተብሎ ባንዳችን ወደ ሐረር ተላከ። መድረካችን የከባድ መኪና ጀርባ ነው፣ መብራቱ ከጄኔሬተር። ሽለላውን፣ ፉከራውን አወረድነው። ወታደሩ ጨፈረ። አገር ተወርሮ ስለነበር ዛሬም አላፍርበትም። ፕሮግራሙ አልቆ ገመድ ስጠቀልል አንድ ወታደር መጣ። ጺሙ ገና አልወጣም። «ወንድሜ፣ ትዝታ ትችላለህ?» አለኝ። ዘፋኞቹ ሄደዋል፣ ጄኔሬተሩ ጠፍቷል። ቤዝ ጊታር ያለ ኤሌክትሪክ ድምፁ ለራስህም አይሰማ። እንደዚያ አልኩት። «ግድ የለም» አለና ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አጠገቤ ቁጭ አለ። ጆሮውን የጊታሩ እንጨት ላይ ለጠፈ። ቀስ አድርጌ ትዝታን መታሁለት። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ጉንጩ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሲበቃው ተነሣና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወደ ጨለማው ገባ። ስሙን አልጠየቅሁትም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሰሜን ለሚዘምት ጦር በተሠራ ዘፈን ላይ ቤዝ መታሁ። የገዛ ወገናችንን ለመውጋት ነው የሚሄደው። ታዘን ነው፣ እምቢ ማለት ከባድ ነበር። ይህ እውነት ነው። ሌላው እውነት ደግሞ ቤዙን ወድጄው መሥራቴ ነው። ሦስት ቀን ለፍቼበታለሁ፣ ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ሕፃን ሳይቀር በአፉ ይለው ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ አንዲት የሰፈሬ እናት ቤት ቡና ስንጠጣ ዘፈኑ ተነሣ። «ልጄ ይቺን እያፏጨ ነው ከቤት የወጣው» አሉኝ። አልተመለሰም። ቤዙን የመታሁት እኔ እንደሆንኩ አያውቁም ነበር። አልነገርኳቸውም። አሁን እሳቸውም የሉም።

እንግዲህ ለአንተ፣ ቤቴ ለመጣኸው። ያን ቀን አንድ ነገር ብለሃል። «ግጥሙ የእኔ አይደለም፣ እኔ ቅንብር ብቻ ነው የሠራሁት» አልከኝ። እኔም ለራሴ ለብዙ ዓመት ይህንኑ ስል ኖሬያለሁ። ግን ሰው ቃሉን ሳያስብበት በፊት ወገቡ እሺ ይላል። እሺ የሚያሰኘው ከበሮውና ቤዙ ነው። ግጥሙን እንዲሁ አንብበህለት ቢሆን «ይሄ ነገር ነውር አይደለም እንዴ?» የሚል ሰው፣ ቅንብሩ ሲገባበት እያጨበጨበ ይዘፍነዋል። ያን ያደረግነው እኛ ነን። ልጁን ከቤት ያስወጣው ፉጨት የማን ዜማ ነበር?

መንግሥት ዘፈንህን ይከልክል አልልም። ከልካይ አንዴ ከጀመረ የት እንደሚቆም አይቻለሁ፣ «ንጋት» ላይ እንኳ አልቆመም። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 አንብቡት። ረጅም አይደለም። ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽ መብት አለበት። ሳንሱር ክልክል ነው ይላል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ደግሞ የጦርነት ቅስቀሳ በሕግ እንደሚከለከል ተጽፏል። ብዙ ሙዚቀኛ የመጀመሪያውን ያውቃል፣ ሁለተኛውን አላነበበም። ፈራጅ እንዲቆምባችሁ አልፈልግም። ራሳችሁ አንብባችሁ ራሳችሁ ወስኑ።

ደግሞ የማትወዱት ዘፋኝ ሲታሰር፣ ኮንሰርቱ ሲሰረዝ፣ ዝም አትበሉ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ተከትሎ በተነሣው ሁከት ብዙ ሰው ሞተ፣ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተዘጋ። ያን ሰሞን አንዳንድ ሙዚቀኞች «የእኛ አይደለም» ሲሉ ሰምቼ ነበር። ዘፋኝ ተገድሎ የእኛ ያልሆነ እንዴት አለ? እኔ ኦሮምኛ ጥቂት ነው የምሰማው። የእሱን ዘፈን ግን አውቃለሁ፣ ልቤ ያውቀዋል።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት፣ አብረውኝ የሠሩ የትግራይ ልጆች ስልክ ተቋርጦባቸው ለብዙ ወራት የእናታቸውን ድምፅ አልሰሙም። አንደኛው ሳክስፎኒስት ነው። ልምምድ መሀል ስልኩን ያወጣል፣ ይደውላል፣ ያስቀምጣል። ይደውላል፣ ያስቀምጣል። ማንም ምንም አይለውም ነበር። በዚያው ጊዜ በየወገኑ የፉከራ ዘፈን በገፍ ይለቀቅ ነበር። ስለዚያ ሳክስፎኒስት የተሠራ አንድ ዘፈን እስካሁን አልሰማሁም። አንተ ለምን አትሠራውም?

ባሰማኸኝ የጦርነት ዘፈን ላይ ቤዝ አልመታም። ከበሮህን ግን አትጣለው፣ ግጥሙን ብቻ ተወውና ይዘኸው ና። ቅኝቱን ወደ አምባሰል ብንወስደው ምን እንደሚሆን መስማት እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ማጉያዬን አስጠግኜዋለሁ፣ ክሩንም ትናንት ቀይሬዋለሁ።