ባልቤክ ልሂድ ወይ ላልሽው እህቴ፦ መጀመሪያ ኢቃማሽ (የመኖሪያ ፈቃድሽ) የት ነው?

«እሁድ ዕረፍት አለኝ፤ ከቤሩት ባልቤክ ሄጄ የሮማውያኑን ቤተ መቅደስ አይቼ ማታ መመለስ እችላለሁ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ ትችያለሽ። እኔ ሁለቴ ሞክሬ አንዴ ደርሻለሁ። ያልደረስኩበት ቀን የበለጠ ያስተምርሻል።

1. በጠዋት ቤሩት ውስጥ ኮላ የሚባለው መናኸሪያ ሂጂ፣ ሚኒባሶቹ እዚያ ናቸው። መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋጋውን ሹፌሩን ሳይሆን ውስጥ የተቀመጡትን ሴቶች ጠይቂ። ሹፌሩ ፊትሽን አይቶ ነው የሚተምነው።

2. ጃኬት ያዢ። ቤሩት በላብ ተጠምቀሽ ዳህር ኤል ባይዳር ተራራ ላይ ትንቀጠቀጫለሽ።

3. ኢቃማ። ዋናውን! ኮፒ አይሆንም፣ ስልክ ላይ ያለ ፎቶም አይሆንም።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ኢቃማዬ ለእድሳት ተብሎ መዳም፣ አሠሪዬ፣ የቀጠረችው ጉዳይ አስፈጻሚ ጋ ነበር። አራት ወር ሙሉ። ስደውል «ቡክራ» (ነገ)፣ ስሄድ «ቡክራ»። አንድ ቀን ቢሮው ድረስ ሄጄ ቆምኩበት። «መዳምሽን ይዘሽ ነይ» አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ አገር ሠርቻለሁ፣ አረብኛዬም ከእሱ አያንስም። ወንበር እንኳን አላሳየኝም። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ጓደኛዬ «ፎቶው ይበቃል፣ ማን ያይሻል» አለችኝ። አመንኳት። በካ ሸለቆ ከወረድን በኋላ ኬላ ላይ ወታደሩ በመስኮት እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ብቻ። ስልኬን አሳየሁት። «ውረጂ።» ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ፣ ሒሳቤም አብሮት ሄደ። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሦስት ሰዓት ተጎለትኩ። ወታደሩ ክፉ አልነበረም፣ ውሃም ሰጥቶኛል። ግን መዳም ደውላ «አዎ፣ የእኔ ናት» ማለት ነበረባት። እሁድ ነው፣ መዳም ተኝታለች። ስትነሳ ደወለች፣ ለቀቁኝ፣ ለታክሲ 40 ዶላር ከፍዬ ቤት ገባሁ። ከዚያ ሁለት ወር እሁድ የሚባል ነገር አላየሁም። ስለዚህ ወረቀትሽ ሰው እጅ ካለ እሱ ሳይመለስ አትነሺ።

ኢቃማዬን እንዴት እንዳወጣሁት ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ብቻ በእጄ በገባ በሳምንቱ ብቻዬን ሄድኩ። ያው ኬላ ላይ ማንም አልጠየቀኝም! ተናደድኩ ብልሽ ታምኛለሽ?

4. ጥሬ ገንዘብ ያዢ፣ ዶላርም ሊራም በትንሽ በትንሹ። መንገድ ላይ ሽቱራ ከተማ ስትደርሺ የላብነ (የወፈረ እርጎ) ሳንድዊች ብዪ፣ አይቆጭሽም።

ባልቤክ ደርሰሽ የፍርስራሹ ግቢ ውስጥ ስትገቢ መጀመሪያ ዓይንሽ የሚያርፈው የጁፒተር ቤተ መቅደስ ስድስት ምሰሶዎች ላይ ነው። ቁመታቸው 20 ሜትር ገደማ ይሆናል። ድሮ 54 ነበሩ። በ1759 እ.ኤ.አ. መሬት ሲንቀጠቀጥ ቆመው ከቀሩት ዘጠኙ ሦስቱ ወደቁ። ሰው ሁሉ እዚያ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። አንቺ ግን ወደ ባኩስ ቤተ መቅደስ ውረጂ። ግድግዳው እንዳለ ቆሟል፣ በሩ ላይ የተቀረጸውን የወይን ሐረግ በጣትሽ መከተል ያምርሻል። «ትንሹ ቤተ መቅደስ» ይሉታል፤ አቴንስ ካለው ፓርተኖን እንደሚበልጥ ሳውቅ ግን ሳቄ መጣ።

ጊዜ ከተረፈሽ በእግር ወደ ድንጋይ ማውጫው ሂጂ። «ሐጀር ኤል ሒብላ» የሚባል፣ የነፍሰ ጡሯ ድንጋይ ማለት ነው፣ 1000 ቶን ገደማ የሚመዝን ድንጋይ ተጠርቦ እዚያው ተኝቷል። ከጎኑ በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከእሱ የሚበልጥ ተቆፍሮ ወጣ። ሁለቱም ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። የኛ የአክሱሙ ትልቁ ሐውልት 500 ቶን ያልፋል፤ ሲያቆሙት ሳይወድቅ አልቀረም ይባላል። ወደቀም አልወደቀም፣ የኛዎቹ ቦታው ድረስ ወስደውታል። አጠገቤ ለነበሩ ቤተሰቦች በአረብኛ ነገርኳቸው፣ አባትየው «ወላህ?» አለ። አዎ፣ ወላህ!

5. ከመነሳትሽ በፊት የዕለቱን ዜና ስሚ። በ2024 እ.ኤ.አ. ጦርነት ጊዜ ከፍርስራሹ አጥር አጠገብ ሁሉ ቦምብ ወድቋል። «ዛሬ ይቅርብሽ» የሚል ሰው ካለ ይቅርብሽ፣ ድንጋዩ የትም አይሄድም። ለመመለስም አታምሺ፣ ሲመሽ ሚኒባሱ ይሳሳል።

ፎቶ ስትነሺ ደግሞ አንሺውን ራቅ በይ በዪው። እኔ የወደቀ ምሰሶ ቁራጭ ተደግፌ ተነሳሁ፣ ጋደም ያለው ብቻ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ለእናቴ ላክሁላት። «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ኪሎ ሜትር ሄደሽ ግድግዳ ነው ያየሽው?» አለችኝ።