ከመከለያው ጀርባ፦ ጌም ማስተር የዳይስ ቁጥር ይቀይር?

በሚና ጨዋታ (እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በሚጫወትበት) ጠረጴዛ ላይ ብዙውን ጊዜ የምቀመጠው በጌም ማስተር፣ ማለትም ታሪኩን በሚመራውና ጠላቶቹን በሚያንቀሳቅሰው ሰው ወንበር ነው። እሱ ዳይሱን የሚጥለው ከመከለያ ጀርባ ከሆነ፣ የወጣውን ሌላ ሰው አያይም። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በሙሉ አንድ ነገር ላይ ናቸው፤ ጌም ማስተሩ 20 ጥሎ «12 ነው» ቢል ችግር አለው? አቋሜን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ድሮ እቀይር ነበር፤ አሁን ትቻለሁ።

ጥያቄ፦ ገና በመጀመሪያው ውጊያ የአዲሷ ተጫዋቻችን ጠንቋይ በአንድ ምት ሞተች። ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ?

የላክልኝን ዝርዝር አየሁት፤ በእውነት የሚያሳዝን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በተባለው የሚና ጨዋታ ሕግ ነው የምትጫወቱት። ጠንቋይዋ 7 የሕይወት ነጥብ አላት። ጎብሊኑ (ትንሹ ጭራቅ) በባለሃያ ገጹ ዳይስ 20 ጣለ፤ ይህ «ክሪቲካል» ይባላል፤ ስለዚህ የጉዳቱ ዳይስ እጥፍ ሆነ። ሁለቱም ባለስድስት ገጽ ዳይሶች 6 ወጡ፣ 2 ተደመረ፣ 14 ሆነ። ሰባቱ ነጥቧን ጨረሰው። የተረፈው 7 ደግሞ ከሙሉ ነጥቧ ጋር እኩል ስለሆነ ወዲያው ሞት ነው። 13 ቢሆን ኖሮ ራሷን ስታ ትወድቅ ነበር እንጂ አትሞትም። በአንድ ጥቃት እንዲህ ዓይነት ነገር የመከሰቱ ዕድል ከ720 አንድ ነው። ደረሰባችሁ!

«13» ብትል ማንም አያውቅብህም ነበር። እኔ ግን ዳይሱን ሳልነካ ጠረጴዛውን እጠይቅ ነበር፤ «ይህ የወዲያው ሞት ሕግ እስከ 3ኛው የገጸ ባሕርይ ደረጃ ባይሠራስ?» ሁሉም እሺ ካሉ አለቀ። ሕግን በግልጽ ማላላትና ቁጥርን በድብቅ መዋሸት ለየቅል ናቸው።

ጥያቄ፦ መመሪያው ራሱ ይፈቅድ የለ እንዴ?

ይፈቅዳል። ከደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ጋሪ ጋይጋክስ በ1979 በጻፈው የጌም ማስተር መመሪያ ዳይሱን የመሻር መብት ሰጥቶናል። የ2014ቱም መመሪያ፣ ሁለት ክሪቲካል ተከታትለው ገጸ ባሕርይ የሚገድሉ ከሆነ ሁለተኛውን ተራ ምት ማድረግ ትችላላችሁ ይላል። ግን አታብዙት፣ ተጫዋቾችም አይወቁባችሁ ብሎ ያክላል። እኔን የሚከነክነኝ ይቺ የመጨረሻዋ ነች። «አስማተኛስ ይደብቅ የለ?» ትሉኝ ይሆናል። አስማተኛው ፊት የተቀመጠው ሰው እኮ ልሸወድ ብሎ ነው የመጣው።

ጥያቄ፦ አንተ ለምን ተውክ?

ተነቃብኛ! እውነተኛውን ቁጥር ስናገር ወዲያው ነው የማወጣው። ልቀይር ስል ግን ዳይሱን አንድ ሰከንድ ያህል አፍጥጬ አየዋለሁ። እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር። አንዱ ተጫዋቼ ለወራት አይቶ ዝም አለኝ። አንድ ምሽት 4 ነጥብ ብቻ ቀርቶት እየሳቀ ዘንዶው ላይ ሮጠ። «ምን ሆነሃል?» አልኩት። «አንተ አትገድለኝማ» አለ። አልተናደደም፤ ደስ ብሎትም አልነበረም፤ ዝም ብሎ ሰልችቶታል።

ያንገበገበኝ ቀጥሎ የጠየቀው ነው። «ባለፈው ድልድዩ ላይ ያሸነፍነውም ያንተ ሥራ ነበር?» አልነበረም። ያን ቀን አንድም ቁጥር አልነካሁም፤ በራሳቸው ጉብዝና ነው ያሸነፉት። ማልኩለት፤ አላመነኝም።

ጥያቄ፦ ዳይሱን ሳልነካ የጭራቁን የሕይወት ነጥብ ብቀንስስ?

ዘመዳሞች ናቸው፤ እዚህ ላይ ግን ትንሽ እለሳለሳለሁ። ደግሞም የተሻለ መውጫ አለ። ጠላት እስከ መጨረሻው መዋጋት የለበትም፤ ይፈራል፣ ይሸሻል፣ እጁን ይሰጣል። በ2014ቱ ሕግ በቅርብ መሣሪያ መትቶ የጣለ ሰው መግደሉን ትቶ ራስን ማሳት ይችላል። ጎብሊንም ይችላል። አራት እስረኛ ይዞ ቤዛ መጠየቅ አራት ሬሳ ከመቁጠር ይሻለዋል። ለእናንተም የሚቀጥለው ሳምንት ታሪክ ተገኘ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉን በግልጽ ከጣልኩ ምስጢር የሚባል ነገር አይቀርም።

መደበቅና መቀየር አንድ አይደሉም። ተጫዋቹ ወጥመድ ሲፈልግ 2 እንደወጣበት ካየ፣ «ምንም የለም» ብትለው አያምንህም። ስለዚህ አንተ ደብቀህ ጣልለት። በ2019 የወጣው ሁለተኛው የፓዝፋይንደር (ሌላ የሚና ጨዋታ ነው) እትም ለዚሁ ብሎ በምስጢር የሚጣሉትን ለይቶ ምልክት አድርጎባቸዋል። የወጣውን ማክበር ያንተ ፋንታ ነው።

ጥያቄ፦ ጌም ማስተር ጨርሶ ዳይስ የማይጥልበት ጨዋታ አለ?

አለ። በ2010 የወጣው አፖካሊፕስ ወርልድ አንዱ ነው። ዳይሱ ሁሉ በተጫዋቾች እጅ ነው፤ ይህ ጭቅጭቅም አብሮ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ተጫዋች ቢቀይርስ?

እሱማ ማጭበርበር ነው። እሱ ሲያደርገው ማጭበርበር፣ እኔ ሳደርገው ጥበብ የሚሆንበትን ምክንያት ብዙ ፈልጌ አጣሁት።

ጥያቄ፦ ፈተናው ሲመጣ ምን ታደርጋለህ?

ዳይሱን ከመጣሌ በፊት ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ «15 ወይም ከዚያ በላይ ካልወጣ ገመዱ ይበጠሳል።» ይህን ለመናገር አፌ ከተያዘ ገመዱ እንዲበጠስ አልፈልግም ማለት ነው። ያኔ አልጥልም፤ «ተሻገርክ» ብዬ አልፋለሁ።

ጥያቄ፦ ከ7 ዓመት ልጄ ጋር ስጫወትም እንዲሁ?

ከእሷ ጋር ሞትን ከጨዋታው አውጣው፤ የተሸነፈ ተኝቶ ይነሳ። ዳይሱን ግን እሷ ትጣል። ግማሹን ጊዜ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ ስትፈልጉት ታመሻላችሁ።