ስለ በዓል አስቤዛ ላነሳችሁት ጥያቄ መልሶቼ

በዓል ሲቃረብ ስለ ወጪ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፤ የማንንም ስም አልጠቀስኩም። የቤት በጀት ማማከር ከጀመርኩ 12 ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ባልና ሚስት በገንዘብ ሲኳረፉ አብዝቼ ያየሁት በበዓል ሰሞን ነው። ስለዚህ አንዳንዱ መልስ ረዘም ቢል ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በአዘቦት ቀን ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት የሚከራከር ሰው ነው። በዓል ሲመጣ ግን እጁ ይፈታል። ስናገረው «በዓል እኮ ነው!» ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንደሱ ያለው ብዙ ነው። ሰው ገንዘቡን በሐሳቡ በተለያየ ኪስ ይከፋፍላል። የአስቤዛ ኪስ አለ፣ የቤት ኪራይ ኪስ አለ፣ የበዓል ኪስ አለ። ገንዘቡ ያው አንድ ገንዘብ ነው፤ እንደወጣበት ኪስ ግን ክብደቱ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኢኮኖሚስት ሪቻርድ ቴለር ይህን «የአእምሮ ሒሳብ አያያዝ» ብሎ አጥንቶታል። የበዓሉ ኪስ ችግር ልክ የሌለው መሆኑ ነው። ለወር አስቤዛ ይህን ያህል ብለን እንቆርጣለን፤ ለበዓል ቁርጥ ያለ መጠን ያለው ቤት ግን ጥቂት ነው።

ገበያ መሃል አትከራከሪው። «ይኼ ይበቃል» የሚለው ቃል እዚያ ሲነገር ስስት ይመስላል። ከሦስት ሳምንት በፊት ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉና አንድ ነገር ጠይቂው፦ «ልጅ ሆነህ በዓል እናንተ ቤት ምን ይመስል ነበር?» ይህን ጥያቄ ለብዙ ሰው አቅርቤዋለሁ። አንድ አባት ነበር፤ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው እጥፍ ሥጋ ይገዛል። ጥያቄውን ሰምቶ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ እናቱ በበዓል ቀን የጎረቤት ልጆች እስኪሄዱ ድረስ ምግብ ሳታቀርብ ትጠብቅ እንደነበር ነገረን። ለሁሉም አይበቃም ነበርና። ሚስቱ 15 ዓመት አብራው ስትኖር ይህን ሰምታ አታውቅም። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥጋው መጠን ለመነጋገር አልተቸገሩም።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ እቅድ አወጣለሁ፤ በየዓመቱ ያልፋል። የት ላይ ነው የምሳሳተው?

መልስ፦ ዝርዝሩን ከምግቡ ስለምትጀምር ይመስለኛል። ከሰው ጀምር። ማን ይመጣል? ለምሳ ነው ለእራት? ሌላ ቤት በልቶ ነው የሚመጣው ወይስ ባዶ ሆዱን? ሰው ከታወቀ ምግቡ ይታወቃል፤ ምግቡ ከታወቀ መጠኑ ይታወቃል። ዋጋ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ትናንሹ ወጪ ነው። ሥጋውንና መጠጡን ማንም አይረሳም። በጀቱን የሚያፈርሰው ቅመሙ፣ ጋዙ፣ ትራንስፖርቱ፣ የጎደለው ብርጭቆ ነው። በዋዜማው ማታ ትዝ ብሎ ቅርብ ካለው ሱቅ በውድ የሚገዛው ነገርም አለ። ለእነዚህ አንድ መስመር ለይተህ ጻፍ።

ሦስተኛው፣ ከግምት አትነሳ፤ አምና ካወጣኸው ተነሳ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንደጻፉት፣ ሰው እቅድ ሲያወጣ ያለፈውን ልምዱን ትቶ ነገሩ እንደታሰበው ይሄዳል ብሎ ይገምታል። ስለዚህ ዘንድሮ ደረሰኝህን ሁሉ በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ ደረሰኝ ከሌለ በወረቀት ጻፈው። ለከርሞ ከዚህ የተሻለ መነሻ አታገኝም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው አባባል የመጣው ከጓዳ ነው፤ ምጣኔው ከድስቱ ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ደመወዜ ለወሩ እንኳ በጭንቅ ነው የሚደርሰው። የበዓሉ ገንዘብ ከየት ይምጣ?

መልስ፦ በዓል ድንገተኛ ወጪ አይደለም። ሕመም ድንገት ይመጣል፤ የበዓሉ ቀን ግን ዓመት ሙሉ ይታወቃል። አምና ያወጣሽውን ለ12 አካፍይውና በየወሩ ያን ያህል አስቀምጪ። ሙሉውን ካልቻልሽ ግማሹን።

ዋናው ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ካርላይል በምትባል ከተማ፣ አንድ ባንክ ለገና በዓል ብቻ የሚሆን የቁጠባ ሒሳብ ከፈተ። ደንበኛው በየሳምንቱ ጥቂት ያስገባል፤ የሚያወጣው በዓሉ ሲቃረብ ነው። አሠራሩ ወደ ሌሎች ባንኮችም ተስፋፋ። ወለዱ ትንሽ ነበር፤ አንዳንዱ ባንክ ጭራሽ አይከፍልም ነበር። ሰዎች ግን ወደዱት። የፈለጉት ወለዱን አልነበረም፤ ገንዘቡ በእጃቸው እንዳይሆን ነበር የፈለጉት። አንቺም እጅሽ በቀላሉ የማይደርስበት ቦታ ፈልጊ። ሌላ ባንክ ውስጥ ካርድ የሌለው ሒሳብ ቢሆን፣ የምታምኛት እህት ጋ ቢሆን፣ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ለበዓል በዱቤ መግዛት ነውር ነው?

መልስ፦ ነውር አይደለም። እኔ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ ዕዳው የሚያልቀው መቼ ነው? የዘንድሮው ዕዳ ሳያልቅ የከርሞው በዓል የሚደርስ ከሆነ አትግባበት። በካርድ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የሁለት ተመራማሪዎች፣ የድራዘን ፕሬሌክና የደንከን ሲሜስተር፣ ጥናት አለ። ለስፖርት ጨዋታ ትኬት ጨረታ አቀረቡ። በክሬዲት ካርድ ትከፍላላችሁ የተባሉት፣ በጥሬ ገንዘብ ትከፍላላችሁ ከተባሉት እስከ እጥፍ የሚደርስ ዋጋ ሰጡ። ጥሬ ገንዘብ ከእጅ ሲወጣ ይሰማል። ለበዓል ገበያ የቆረጥከውን በፖስታ ይዘህ ውጣ።

ጥያቄ፦ ቀድሞ መግዛት ያዋጣል?

መልስ፦ ለደረቅ ነገር አዎ። ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቅመም ቀድመሽ ያዢ። ሁሉም ሰው በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ገበያ ሲወጣ ዋጋ መጨመሩ አይቀርም። የሚበላሸውን ግን ማስቀመጫ ከሌለሽ አትሞክሪ። አንድ ምክር ልጨምር፦ ቀድሞ የተገዛ ነገር ቀድሞ ያልቃል። ለይተሽ አስቀምጪና «የበዓል» ብለሽ ጻፊበት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ «ድሃ ሆኖ ለበዓል ማውጣት ሞኝነት ነው፤ ያን ገንዘብ ብታጠራቅሚው ትለወጪ ነበር» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ልቤን ነካው። አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በጣም ድሃ የሆኑ ቤተሰቦች ገንዘባቸውን በምን እንደሚያውሉ በብዙ አገሮች መርምረዋል። በሕንድ ኡዳይፑር በቀን ከ1 ዶላር ገደማ በታች የሚኖሩ ቤተሰቦችን ሲያዩ፣ በዚህ ወጪ ቢደረደሩ መሃል ላይ የሚገኘው ቤተሰብ ከዓመት በጀቱ 10 በመቶውን ለበዓላትና ለድግስ እንደሚያውል አገኙ። እነዚህ ሰዎች ሒሳብ አያውቁም ማለት ይከብዳል። ጎዶሎ ባለበት ቤት ከማንም በላይ ሒሳብ ይታወቃል።

በዓል ሰው ከሰው የሚገናኝበት ቀን ነው። ልጅ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው፣ ያዘነ የሚጽናናበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ነው። ለዚያ ማውጣት ሞኝነት አይደለም። ወንድምሽ አንድ እውነት አለው፤ ከአቅም በላይ ሲሆን ቤት ይጎዳል። ግን «አታክብሪ» ከማለት «በስንት ላክብር?» ብሎ አብሮሽ ቢቀመጥ ይጠቅምሽ ነበር። ይህን መልስ አሳዪው።

ጥያቄ፦ ከሥራ ከወጣሁ አምስት ወሬ ነው። በየዓመቱ ዘመድ የሚሰበሰበው እኔ ቤት ነው። ለማንም አልተናገርኩም። በዓሉ ሲቀርብ እንቅልፍ አጣሁ። አንዳንዴ ታምሜያለሁ ብዬ በሬን ልዝጋ እላለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በርህን አትዝጋ። እንቅልፍ የነሳህ ይሉኝታ ነው፤ እሱ ደግሞ ዝም ባልከው ቁጥር ይከብዳል።

ዛሬ ለአንድ ሰው ተናገር። ለሁሉም አይደለም፤ ከዘመዶችህ ለምታምነው ለአንዱ። እንዲህ በለው፦ «ዘንድሮ እጄ አጥሯል። መሰብሰባችን ግን እንዲቀር አልፈልግም። እንዴት ብናደርገው ይሻላል?» ይህን ካልክ ሌላውን እሱ ይነግርልሃል። ምናልባት ሌላ ቤት ይሆናል፤ ምናልባት እያንዳንዱ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። ማን ምን እንደሚያመጣ ቀድማችሁ ተከፋፈሉ። አለበለዚያ ሁሉም ለስላሳ ይዞ ይመጣል፤ ዳቦ የያዘ ይጠፋል።

ቤትህ እንዲሆን ከወሰንክ የምግቡን ዓይነት ቀንስ፣ ሰው አትቀንስ። ከአምስት ዓይነት ምግብ ሁለቱን ብቻ አዘጋጅ፤ በደንብ ይሠሩ። ከ12 ዓመት ሥራዬ አንድ ነገር በእርግጠኝነት ልንገርህ። በዓልን ሲያስታውሱ የምግብ ዓይነት የቆጠሩልኝ ሰዎች በጣም ጥቂት ናቸው። የሚያነሱት ማን እንደነበረና ማን እንደሳቀ ነው። በዓሉ ሲያልፍ መልሰህ ጻፍልኝ፤ የሥራ ፍለጋውንም እናወራለን።

ጥያቄ፦ የተረፈውን ምግብ ምን ላድርገው? ሁልጊዜ እደፋለሁ፤ ይቆጨኛል።

መልስ፦ ይቆጭሽ፣ ግን ብቻሽን አይደለሽም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤት ነው። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ማቀዝቀዣሽ ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን። በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ የማይበላውን በመጀመሪያው ማታ ወደ ፍሪዘር አስገቢ። ስታሞቂ እንፋሎቱ እስኪወጣ አሙቂ። ትልቅ ድስት እንዳለ አይቀዝቅዝ፤ በትናንሽ ዕቃ አከፋፍዪው። ለእንግዳ ምግብ የምታስይዢበትን ዕቃም ቀድመሽ አዘጋጂ። ምግቡ ገና ትኩስ ሳለ ይሂድ።

ጥያቄ፦ የበዓሉን ገንዘብ የሚሰጠው ባለቤቴ ነው፤ ድካሙ የእኔ ነው። «ሰጠሁሽ አይደል?» ይለኛል። ማክበሩን እወዳለሁ፤ ግን በበዓሉ ቀን ቁጭ ብዬ አልበላም።

መልስ፦ የበዓል ወጪ ሲሰላ ድካም አይጻፍም። መጻፍ አለበት። ገበያ መዞር፣ መሸከም፣ መላጥ፣ መቁላት፣ ማጠብ፣ ማስተናገድ ሁሉ ወጪ ነው፤ የሚከፈለው በእግርና በወገብ ነው። በወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አስምሪ። በአንዱ የእያንዳንዱ ምግብ ዋጋ፣ በሌላው የሚወስደው ሰዓት። ከእሱ ጋር ሆናችሁ ሙሉት። ብዙ ባሎች ሁለተኛውን ዓምድ ሲያዩ ዝም ይላሉ። ሰዓት የሚበላውን ምግብ ወይ ተውት፣ ወይ ተዘጋጅቶ ይገዛ፣ ወይ እሱ ይሥራው። ስንት ዓይነት ይቅረብ የሚለውን የምትወስኚው ደግሞ የምትሠሪው አንቺ ነሽ። በዚህ ነጥብ አልደራደርም።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ስለ በዓል ወጪ ብትሰማ ትጨነቃለች ወይስ ትማራለች?

መልስ፦ ክርክሩን አታሰሟት፤ ሥራውን ስጧት። እኔ ልጄ በዚያ ዕድሜ ሳለች የጣፋጩን ገንዘብ በእጇ ሰጠኋት። «ለስምንት ሰው ነው፤ ከዚህ አይለፍ» አልኳት። ሱቁ ውስጥ እያነሳች እያስቀመጠች ረጅም ጊዜ ቆመች። እኔ በር ላይ ሆኜ ጠበቅኩ። በመጨረሻ አንድ ትልቅና የሚያምር ካርቶን መልሳ አስቀመጠችና ሁለት ትናንሽ ፓኬት ይዛ መጣች። «ትልቁ ውስጡ ባዶ ነው፤ ነቅንቄ አየሁት» አለችኝ። የተረፋትን ለእሷው ተውኩላት።